ደብተራችን ይከፈትልን

ባለፈው የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ትልቅ የምግብ መደብር ሰልፍ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ እናት ምስር፣ ክክ፣ የሱፍ ዘይት፣ ሁለት እስር ጎመንና አንድ ካርቶን የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ደርድረዋል። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል «ስልክ ቁጥር?» አለች። እማማ የልጃቸውን ቁጥር እንደ ዳዊት በቃላቸው ያውቁታል። አሥሩንም አኃዝ አንድ በአንድ፣ ከኋላ የተሰለፍነው ሁሉ እስክንሰማ ድረስ ጠሩት። ማሽኑ ጢጥ አለ፤ ከሂሳባቸው ላይ 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ተቀነሰ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ደረሰኙን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ።

ተራዬ ሲደርስ እኔም የራሴን ቁጥር ጠራሁ። ዓመታት ሙሉ ስጠራው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ወደ መኪናዬ ስሄድ የእማማ 3 ዶላር ከ40 ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። በዚያ ገንዘብ የሰጡት ምን ነበር? ቤታቸው ጾም እንደሚጾም ሰጡ። ቤታቸው የስኳር ሕመም እንዳለ ሰጡ። የት አካባቢ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚገበዩ ሰጡ። ቁጥሩ የልጃቸው ስለሆነም ይህ ሁሉ የሰፈረው በልጃቸው መዝገብ ላይ ነው፤ ስኳሩም ጭምር።

ያደግሁበት ሰፈር ባለሱቅም ያውቀን ነበር። በዱቤ ደብተሩ ላይ የእናቴ ስም ከነዘይቱ፣ ከነሳሙናውና ከነስኳሩ ተጽፎ ይኖራል። ወሩ ሲያልቅ ግን ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ይዘረጋል። እናቴ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች «ይቺን ሳሙና አልወሰድኩም» ትላለች፤ ባለሱቁም ልጆቹን ይጠይቃል፣ ስሕተት ከሆነም ይሰርዛል። እሱ ያወቀንን ያህል እኛም እናውቀው ነበር። ደብተሩ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። የእናቴን ዕዳ ለጎረቤት ቢያወራ ኖሮ በማግስቱ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ፊቱን ያዞርበታል።

ዛሬም ደብተር አለን። ከእናቴ ደብተር በሺህ እጥፍ የወፈረ፣ በየቀኑ የሚጻፍ፣ በብዙ ሰው የሚነበብ ደብተር። ባለቤቶቹ እኛ አንብበነው አናውቅም። ስለዚህ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሎስ አንጀለስና በለንደን ላላችሁም ጭምር ይህን ጥሪ አቀርባለሁ፦ ደብተራችን ይከፈትልን። ጥያቄውንም በአንድ ድምፅ እንጠይቅ።

በመጀመሪያ የቅናሽ ካርዱ ሥራው ምን እንደሆነ እንወቅ። የእንግሊዙ ሱፐርማርኬት ቴስኮ ክለብካርድ የተባለውን ካርድ በመላ አገሪቱ ያሠራጨው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የደንበኞችን ግዢ ያጠናለት ደንሃምቢ የተባለው የባልና ሚስት ድርጅት ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት ሲቀርብላቸው የቴስኮ ሊቀ መንበር የተናገሩት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ አጥኚዎቹ በሦስት ወር ውስጥ ስለ ደንበኞቻቸው ያወቁት እሳቸው በ30 ዓመት ካወቁት መብለጡ እንዳስፈራቸው ገልጸው ነበር። የሱቁ ሊቀ መንበር የፈሩትን ነገር ነው እኛ በየሰልፉ ጮክ ብለን የምንጠራው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ክሮገር የተባለው የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ድርጅት በ2015 የደንበኞቹን ግዢ የሚተነትን የዳታ ኩባንያ አቋቁሞ ስሙን 84.51° አለው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበት የሲንሲናቲ ከተማ ኬንትሮስ ነው። እኛ አካባቢ ብዙዎቻችን የምንገበይበትን ሃሪስ ቲተርን ክሮገር በ2014 ገዝቶታል። ዛሬ ትልልቅ መደብሮች ከሽንኩርቱና ከወተቱ ሌላ የማስታወቂያ ቦታ ይሸጣሉ፤ አስተዋዋቂው የሚከፍለውም ማን ምን እንደሚገዛ ስለሚታወቅ ነው። ስልክ ቁጥራችን ቁልፉ ነው። ካርዱን፣ አፑን፣ ኢሜይሉንና የቤት አድራሻውን አንድ ላይ የሚያስር እሱ ነው። አንዴ ከታሰረ በኋላ የዳታ ደላሎች ከሌላ ቦታ ከሰበሰቡት ጋር ማጋጠም ቀላል ነው።

«ምን አለበት? ጎመን መግዛቴን ቢያውቁ ምን ይጎዳኛል?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እኔም እንዲህ እል ነበር። አንድ ቀን የተገዛ ጎመን ምንም አይናገርም። የሦስት ዓመት ዘንቢል ግን ይናገራል። በየዓመቱ ለ55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ከአንድ ቤት ደረሰኝ ላይ ይጠፋሉ። አብዛኛው አሜሪካዊ ፋሲካውን በሚያከብርበት እሑድ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከዚያ ዘግይቶ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ እንቁላሉም ዶሮውም ቅቤውም አብረው ይመጣሉ። በኦገስት ለሁለት ሳምንት እንደገና ይጠፋሉ። ጎረቤቱ ደግሞ በረመዳን ተምርና ወተት ያበዛል፣ የአሳማ ሥጋ የሚባል ነገር ገዝቶ አያውቅም። ሃይማኖታችንን ማንም አልጠየቀንም። በስልክ ቁጥራችን ሥር ግን በየሳምንቱ እየጻፍነው ነው። ከሃይማኖቱም ሌላ ከየት አገር እንደመጣን፣ ቤታችን ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ሥራ እንደቆመ ይነበባል።

ይህ የማንበብ ጥበብ ምን ያህል እንደረቀቀ ካወቅን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖናል። የኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት በ2012 ባወጣው ዘገባ፣ ታርጌት የተባለው ትልቅ መደብር ለየደንበኛው የመለያ ቁጥር እየሰጠ ግዢውን እንደሚያጠና፣ 25 ያህል ዕቃዎችን አንድ ላይ በማየትም አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር መሆኗን እንደሚገምት ጽፏል። ዕቃዎቹ የሕፃን ልብስ አልነበሩም። ሽታ የሌለው ቅባት፣ የካልሲየም፣ የማግኒዥየምና የዚንክ ኪኒን ነበሩ። በእኛ ባህል እርግዝና ለእናትና ለእህት እንኳ ጊዜው ሲደርስ በቀስታ የሚነገር ነገር ነው። እዚህ ግን ከእነሱ ቀድሞ ሱቁ ሊጠረጥር ይችላል።

ደብተሩ ሲሳሳት ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። በሲያትል አጠገብ ባለችው ተክዊላ ለዓመታት ያገለገለ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በ2004 የገዛ ቤቱን ሊያቃጥል ሞክሯል ተብሎ ተይዞ ተከሰሰ። ከቀረቡበት ማስረጃዎች አንዱ የሱቅ ክለብ ካርዱ መዝገብ ነበር፤ ለቃጠሎው ሙከራ የዋለውን ዓይነት የእሳት ማቀጣጠያ በካርዱ መገዛቱን ያሳያል። ሰውየው ክሱ የተነሣለት በ2005 መጀመሪያ፣ ሌላ ሰው «እኔ ነኝ ያደረግኩት» ብሎ ከቀረበ በኋላ ነው። አሁን የእማማን ስልክ ቁጥር አስቡ። በብዙዎቻችን ቤት አንድ ቁጥር ለእናት፣ ለአክስት፣ አዲስ ለመጣ ዘመድ፣ አንዳንዴም ለጓደኛ ጭምር ይሠራል። ነጥቡ እንዲጠራቀም ብለን ነው። የገዛው ሰው ሌላ፣ የተጻፈበት ሰው ሌላ!

ከመድኃኒት ጋር ሲያያዝ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ኢንሹራንስ የሌላቸው ብዙ ወገኖቻችን መድኃኒት በቅናሽ ለማግኘት ጉድአርኤክስን ይጠቀማሉ። የፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 ይህን ኩባንያ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ሳያሳውቅ ለፌስቡክ፣ ለጉግልና ለሌሎች አስተላልፏል ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሐኪማችሁ የሚያውቀውን ሂፓ የተባለው ሕግ ይጠብቅላችኋል። የቅናሽ ኩፖን ያወቀውን ግን ያ ሕግ ሁልጊዜ አይከተለውም።

ለእውነት ስንል የሌላውንም ወገን እንናገር። ቅናሹ ውሸት ነው አልልም። የእንግሊዝ የውድድርና ገበያ ባለሥልጣን በ2024 ወደ 50,000 የሚጠጉ ምርቶችን የካርድ ዋጋ መርምሮ 92 በመቶው ከተለመደው ዋጋ በእርግጥ የቀነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ካርዱ ሕይወት ያዳነበትም ጊዜ አለ። በ2009 እና በ2010 በ44 ስቴቶች 272 ሰዎችን ያሳመመው የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ምንጩ ሳላሚ ላይ የተነሰነሰ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ መሆኑ የተደረሰበት የታማሚዎቹን የግዢ ካርድ መዝገብ በማየት ነው። ልብ በሉ፤ መርማሪዎቹ መዝገቡን ያዩት ታማሚዎቹን አስፈቅደው ነበር። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ያስፈቅዱን፣ ያሳዩን፣ ስንሰርዝ ይሰርዙልን። ልጆች ለሚያሳድግና ለአገር ቤት ገንዘብ ለሚልክ ቤተሰብ የሳምንት 10 ዶላር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ካርዳችሁን ቀድዳችሁ ጣሉ የሚል ምክር አልሰጥም። ድሃ ሰው ምስጢሩን ከፍሎ እንዲገበይ፣ ሀብታም ደግሞ ምስጢሩን ይዞ እንዲኖር የሚያደርግ ገበያ ግን ትክክል አይደለም።

ደስ የሚለው፣ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የቨርጂኒያ የሸማቾች መረጃ ጥበቃ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ይሠራል። ሜሪላንድ በ2024 ያጸደቀችው ሕግ በኦክቶበር 2025 ሥራ ላይ ውሏል፤ የሚገዛውም ከኤፕሪል 1 ቀን 2026 ወዲህ የሚደረገውን የመረጃ አያያዝ ነው። በሁለቱም ሕጎች አንድ ነዋሪ ትልልቅ መደብሮችን ስለ እኔ የያዛችሁትን ቅጂ ስጡኝ፣ የተሳሳተውን አርሙ፣ ሰርዙልኝ፣ አትሽጡት፣ ማስታወቂያ አታነጣጥሩበት ብሎ መጠየቅ ይችላል። መደብሩ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ በቂ ምክንያት ካለው ሌላ 45 ቀን ሊያስረዝም ይችላል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ጥያቄው በነፃ ነው። እምቢ ካለ ይግባኝ አለ፤ ከዚያም በኋላ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቤት ይባላል። ሁለቱም ሕጎች ሃይማኖትን፣ የዘር ምንጭን፣ ጤናንና የኢሚግሬሽን ሁኔታን የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚገባው ይሉታል። ሜሪላንድ ከዚህም አልፋ እንዲህ ያለውን መረጃ መሸጥን ከልክላለች። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ደንብ በአንድ ወር ውስጥ መልስ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል።

እነዚህ ሕጎች ከሰማይ አልወረዱም። ሸማቾች ስለጮኹ የመጡ ናቸው። ካሊፎርኒያ ገና በ1999 የክለብ ካርድ ለመስጠት መንጃ ፈቃድ ወይም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጠየቅን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት በሱፐርማርኬት ካርዶች ላይ ብቻ የሚያተኩር የሸማቾች ማኅበር ተቋቁሞ ጉዳዩን በየሚዲያው አሰማ። በጃንዋሪ 2022 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የቅናሽ ፕሮግራም ላላቸው ኩባንያዎች ሕጉን አላከበራችሁም የሚል ማስጠንቀቂያ ላኩ። የሳንዲያጎ ከተማ ምክር ቤት ደግሞ በ2025 በስልክ ብቻ የሚገኝ ቅናሽ ስማርት ስልክ ለሌላቸውም በወረቀት እንዲደርስ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። እማማን የመሰሉ ሰዎች አቤት በማለታቸው የመጣ ለውጥ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ!

ታዲያ ለምን በአንድነት? አንድ ሰው ብቻውን ቅጽ ሲሞላ እንግሊዝኛው ያታክተዋል፣ መልሱ ሲዘገይ ይረሳዋል፣ ሲጨንቀው ይተወዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኛ ደግሞ መሰብሰብን ገና የምንማር ሕዝብ አይደለንም። እድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን፣ ሰንበት ትምህርት ቤትና መድረሳ አለን። ሞት ሲመጣ በአንድ ሌሊት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የምናሰባስብ ሰዎች ነን። ያን ጉልበት ግማሽ ቀን ለዚህ እናውለው። ይህ የደቦ ሥራ ነው፦

አንደኛ፣ የደብተር ቀን እንቁረጥ። በየእድራችሁና በየማኅበራችሁ ከሚመጡት ስብሰባዎች አንዱን ለዚህ ለዩ። ሁሉም ስልኩንና የሚገበይባቸውን መደብሮች ስም ይዞ ይምጣ። ኮሌጅ የገቡ ልጆቻችን ላፕቶፓቸውን ይዘው ከእናቶችና ከአባቶች አጠገብ ይቀመጡ። በየመደብሩ ድረ ገጽ ግርጌ ላይ ስለ ግል መረጃ የሚናገር ገጽ አለ፤ ጥያቄው የሚላከው በዚያ ነው። የምንለው ሦስት ነገር ነው፦ «በዚህ ስልክ ቁጥር ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ ቅጂ ላኩልኝ። ለምን ዓይነት ድርጅቶች እንደሰጣችሁ ንገሩኝ። ከዛሬ ጀምሮ መረጃዬን አትሽጡ፣ ማስታወቂያም አታነጣጥሩበት።» እነዚህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሙሉ በሙሉ ሰርዙልኝ ካላችሁ ግን ካርዱም ሊዘጋ እንደሚችል እወቁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂውን እናንብብ።

ሁለተኛ፣ መልሱን አብረን እናንብብ። ከ45 ቀን በኋላ እንደገና እንገናኝ። ማን መለሰ? ማን ዝም አለ? ምን የተሳሳተ ተጻፈብን? ስለ ሃይማኖታችንና ስለ ጤናችን ምን ተገመተ? ጸሐፊው ይመዝግብ። የማንም ስምና ሕመም አይነገር፤ የመደብሮቹ ምላሽ ብቻ ይመዝገብ። ዝም ያሉትን በአንድ ላይ ተፈራርመን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እንክሰስ። አንድ አቤቱታ ፋይል ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ከአንድ እድር የመጣ ሁለት መቶ አቤቱታ ግን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልማዳችንን እናስተካክል። የልጃችንን ወይም የጓደኛችንን ቁጥር መጠቀም ይብቃ። ለመድኃኒትና ለጤና ዕቃ ቁጥር አንጥራ። ለቅናሽ ካርድ ብሎ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሚጠይቅ እምቢ እንበል። የሱቁ አፕ ያለንበትን ቦታ እንዳይከታተል ስልካችን ላይ እንዝጋው። ቁጥሩን በቃል ከመጥራት ማሽኑ ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል፤ ወላጆቻችንን እናሳያቸው። አጭበርባሪዎችም ይህን ሰምተው ሊደውሉ ይችላሉ፤ «መረጃዎን ላስተካክልልዎ» ብሎ ለሚደውል ማንም ሰው መልስ አይሰጥ።

አራተኛ፣ የዲሲ ነዋሪዎች ሆይ፣ ከተማችሁ እንደ ሁለቱ ጎረቤቶቿ ያለ አጠቃላይ የግል መረጃ ሕግ አላወጣችም። የምክር ቤት አባላቱ የእናንተን ድምፅ ፈልገው በምርጫ ሰሞን ወደ ምግብ ቤቶቻችንና ወደ በዓላችን ይመጣሉ። በሚቀጥለው ሲመጡ ከእንጀራው ጋር ይህን ጥያቄ አቅርቡላቸው።

ለራሳችን ነጋዴዎችም ቃል አለኝ። በርበሬና ሽሮ የምትሸጡልን፣ እንጀራ የምታደርሱልን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አሁን የእናንተም ማሽን ስልክ ቁጥር መጠየቅ ጀምሯል። መሣሪያውን የሸጠላችሁ ድርጅት የደንበኞቻችሁን ስም የት እንደሚያደርሰው ጠይቁ። ቁጥር ለማይሰጥም ያንኑ ዋጋ ስጡ። «በዚህ ሱቅ የደንበኛ ምስጢር አይሸጥም» የሚል ወረቀት በራችሁ ላይ ለጥፉ፤ ወረፋው ከእናንተ ሱቅ ፊት ይረዝማል።

አገር ቤት ያላችሁም አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ሱፐርማርኬቱም፣ የክፍያ አፑም፣ ታክሲውም ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ነገሩ ሥር ሳይሰድ የአዋጁን መብቶች አንብቡና በሥራ ላይ አውሏቸው። እኛ ዘግይተን ያወቅነውን እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ያም ሆኖ የባለሱቁ ደብተር ላይ አንድ ሳሙና ያለ አግባብ ሲጻፍባት ዝም ብላ አታውቅም። እኛ ኮሌጅ የጨረስን፣ ሕግ ያለን፣ ልጆቻችን ኮምፒውተር የሚያዘጋጁልን ሰዎች ከእሷ ልናንስ አይገባም።

የሚቀጥለው የእድራችሁ ስብሰባ መቼ ነው? ለሰብሳቢው ዛሬውኑ ደውሉ፤ የደብተር ቀንን አጀንዳ አስይዙ።